ጥሪው ቀረ ወይስ መልሱ?

ለመስቀል ወደ ቡታጅራ ልሄድበት ያሰብሁት ገንዘብ ከእጄ የወጣው በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ነው። በአንድ ሕንፃ የምናድር ተማሪዎች ዕቁብ ጀምረን፥ አንዱ ጓደኛችን መዝገቡን በኮምፒዩተር አበጀልን። አንድ ማታ «ክፈል» የሚለውን ተጫንሁ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ገጹም ዝም አለ። ደግሜ ተጫንሁ። በማግሥቱ ካስቀመጥሁት ላይ 500 ብር ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ተገኘ። ትርፉ ተመልሶልኛል፤ የተመለሰው ግን ደመራው ከተቃጠለ በኋላ ነው። የመስቃን ወላጅ በመስቀል ልጁን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው፥ ነገሩ የ500 ብር ብቻ እንዳልሆነ ይረዳልኛል።

ምንም እንኳ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብሆን፥ ምክንያቱን ሳላውቅ መተው አልሆነልኝም። ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ።

ፕሮግራም በስም የሚጠሩ ሥራዎች ስብስብ ነው፤ «ደምር» ሲሉት የሚደምር፥ «መዝግብ» ሲሉት የሚመዘግብ አለ። ጠሪውና ተጠሪው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሆኑ ችግር የለም። ቁልፉ በስልኬ ብራውዘር፥ መዝገቡ ደግሞ በሩቅ ሰርቨር ሲሆን ግን «ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል»፥ ማለት የሩቅ ሥራ ጥሪ ያስፈልጋል። አሠራሩን አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በሰፊው አብራርተውታል። ላይብረሪው በሁለቱም ወገን ወኪል ያቆማል። የብራውዘሩ ወኪል የሥራውን ስምና የሚሠራበትን ቁጥር ጠቅልሎ ይልካል፤ የሰርቨሩ ወኪል ፈትቶ ያሠራል፤ ውጤቱንም ጠቅልሎ ይመልሳል። ጉግል በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጂአርፒሲ፥ የሁለቱ ወገን ውል በአንድ ፋይል ከተጻፈለት የወኪሎቹን ኮድ ራሱ ያዘጋጃል። ለብራውዘርም ጂአርፒሲ ዌብ የሚባል ለብቻው የተሠራ ዓይነት አለው።

ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ሩቁን እንደ ቅርብ አድርጎ ይጠራዋል። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው፤ ጥሪው በመንገድ ጠፍቷል፤ ወይም ሰርቨሩ ሥራውን ጀምሮ ወድቋል፤ ወይም ሥራው ተፈጽሞ መልሱ ጠፍቷል። ለጠሪው ሦስቱም ያው ዝምታ ናቸው። የእኔ ሦስተኛው ነበረ።

መድኃኒቱን ግን አባቶቻችን ያውቁታል። የዕቁብ ጸሐፊ በደብተሩ ላይ ስምና ዙር ይጽፋል። አባቴ የሳምንቱን ገንዘብ በልጅ እጅ ልኮ ልጁ ቢዘገይበትና ሌላ ሰው ቢልክ፥ ጸሐፊው ደብተሩን አይቶ «የዚህ ዙር ደርሷል» ብሎ ሁለተኛውን ይመልሳል።

ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ሊደረግ ይገባዋል። ብራውዘሩ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ቁጥር ይስጥ፤ ጥሪውን ቢደግም ያንኑ ቁጥር ይላክ እንጂ አዲስ አያውጣ። ሰርቨሩም ቁጥሩንና ክፍያውን አንድ ላይ ይመዝግብ፤ ሁለቱም ይጻፉ፥ አለዚያ ሁለቱም ይቅሩ። ያው ቁጥር ዳግመኛ ሲመጣበት ሳይቀንስ የቀድሞውን መልስ ይስጥ። «ስንት አለኝ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም ስለማይቀንስ፥ መቶ ጊዜ ቢደገም አይጎዳም።

ጓደኛችን ፕሮግራሙን በዚህ መንገድ አርሞታል። እናንተም የሰው ገንዘብ የሚነካ ፕሮግራም ስትሠሩ፥ ላይብረሪው መልእክተኛ እንጂ ጸሐፊ አለመሆኑን አስቡ፤ ደብተሩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።