የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አያትን መዝገብ ስለ መፈለግ



በድሬዳዋ ከተማ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ለምድር ባቡር ያገለገሉለት ቤተሰብ በርካታ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ጣቢያውም ወርክሾፑም ከተራራው ግርጌ ተተከሉ፤ ከተማይቱም በዚያው ተቆረቆረች። ዛሬ የአያቱን የአገልግሎት ዘመን ለማወቅ የሚሻ የልጅ ልጅ፣ ወይም ስለ ጡረታ አበል ማስረጃ የተጠየቀች ባልቴት፣ የድሮውን መዝገብ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል።

አስቀድሞ የሚያውኩት የስም አጻጻፍና የዘመን አቆጣጠር ናቸው። የኩባንያው ጽሕፈት በፈረንሳይኛ ነበርና፣ ጸሐፊው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ በዚያ ፊደል ተራ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ አቶ ጀማል ወልዴ የተባሉ ሰው በሁለቱም ስሞች ይፈለጉ። በፈረንሳይኛ ልማድ «ጀ» በ«ዲ» ይጀምራል፤ የጅቡቲን ስም አጻጻፍ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። «ሸ» በ«ሴ»፣ «ወ» ደግሞ ብዙ ጊዜ በ«ኦ» ይጀምራል። «አልተገኘም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ በእነዚህ ተራዎች ደግሞ ያስፈልግ።

የዘመኑ ነገር ከዚህ ይብሳል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 1945 ያለ ወረቀት በእኛ 1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ጥቅምት ግን 1938 ዓ.ም. ነው። ሁልጊዜ ስምንት ብቻ የሚቀንስ ሰው ከአገልግሎቱ አንድ ዓመት ሊያሳስት ይችላል። ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ወሩ ከሌለ፣ አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ ሳያረጋግጡ ለጡረታ ክፍል አያቅርቡ።

የኩባንያውም ስም ተለዋውጧል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሆነ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላም ለጥቂት ዓመታት መስመሩን የእንግሊዝ ጦር ያስተዳድረው ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ወረቀት በእንግሊዝኛ ቢገኝ አያስደንቅም። በኩባንያው መዝገብ በእነዚያ ዓመታት ስሙ የጠፋ ሰው፣ ሥራውን ለቅቆ ነበር ማለት አይደለም።

ወደ መዝገብ ቤት ሲሄዱ የአያትዎን መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት ወይም የሠራተኛ ቁጥር ቅጂ ይያዙ፤ ዋናውን ግን ለማንም ትተው አይምጡ። ጥያቄዎን በጽሑፍ አቅርበው የገቢ ቁጥሩን ይቀበሉ። ይህን ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች መንገር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለራሳችን ጉዳይ ስንሄድ የምንዘነጋው ይኸንኑ ነው። ፋይሉ ሲወጣም ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ጸሐፊዎች ቦታ ሲጠባቸው ዝውውሩንና የደመወዙን ጭማሪ ከኋላ መጻፋቸው የተለመደ ነው።