ፊደሉ የሚያዘው ገጽ

ለክፍል ሥራ ወይም ለትምህርት ቤት ክበብ መጽሔት ያዘጋጀ ተማሪ መጨረሻ ላይ ምን እንደተማረ እንዲጽፍ ይጠየቃል። «ብዙ ነገር ተምሬያለሁ» የሚለው መልስ ለሚቀጥለው እትም አይረዳም። የመጀመሪያውን ገጽና የተስተካከለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ መጻፍ ግን ችሎታን ያሳድጋል።

ለምሳሌ ዓለም ከተማ በተባለችው ከተማ የሚማር ልጅ ለመጽሔቱ የሚጽፈው አያጣም። ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል እዚያው ነው፤ ከተማዋ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር የመሠረተችው ግንኙነትም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጣጣው የሚመጣው ጽሑፉ ገጽ ላይ ሲገባ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ዝግጁ ቅጾች በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። እነሱ ርእስን በትልልቁ ፊደል (በካፒታል) ይለያሉ፤ የእኛ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሌለው ርእሱን የሚያጎላው መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና በዙሪያው የሚተው ባዶ ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዓምድ ነው። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 20 20 ሚሊ ሜትር፣ በዓምዶቹ መካከልም ትንሽ ክፍተት ትተን ሦስት ዓምድ ብናወጣበት እያንዳንዱ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። በ10 ነጥብ ፊደል ይህ በመስመር ሦስት ወይም አራት ቃል ቢይዝ ነው። «እንደሚያስፈልጋቸው» የሚል ቃል ሲመጣ አይገባም፤ ወደ ታች ይወርድና የቀሩት ቃላት ዳር እስከ ዳር ሲለጠጡ መሐላቸው ይቦደሳል። ሁለት ዓምድ ቢሆን እያንዳንዱ 82 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛል፤ ቀዳዳውም ይቀንሳል። ቀኙን ጠርዝ ሳያስተካክሉ መተውም ያምራል፤ እኔ እንዲያውም ይህን እመርጣለሁ።

የብራና ጸሐፊዎች ጠባብ ዓምድ ሲጽፉ ለምን እንዲህ አልተቸገሩም? ቃሉን መስመሩ ባለቀበት ይቆርጡት ስለነበር ነው። ሁለት ነጥቡ የቃሉን መጨረሻ ስለሚያሳይ አንባቢ አይሳሳትም። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተን በባዶ ቦታ ስለምንለያይ ያ ነጻነት የለንም። የብራና መጽሐፍ በቅርብ የማየት ዕድል ያገኘ ተማሪ ጠርዙን ያስተውል፦ በወስፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ከእነሱ የሚነሳ ቀለም የሌለው ጭረት፣ በጭረቱ ልክ የተደረደረ ፊደል። መዝሙረ ዳዊት በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ ስንኙ መስመሩን ሞልቶ እንዲነበብ ነው። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ያለው ውዳሴ ማርያም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓምድ ይሆናል። የዓምዱን ቁጥር የወሰነው ጽሑፉ ነው።

የመስመር ርቀትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ለ10 ነጥብ ፊደል ብዙ ጊዜ 12 ይሰጣል፤ ለአማርኛ 14 ቢሆን ዓይን ያርፋል። ፎንት ከሁለት በላይ አያስፈልግም።

በስፌት የሚታሰር መጽሔት የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት፤ 8፣ 12 ወይም 16። ማባዣው ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ ጥቁር የሚበዛበት ፎቶ ፊት እንኳ አይለይም፤ ስለዚህ ስክሪኑን ከማመን አስቀድሞ አንድ ገጽ አባዝቶ ማየት ይሻላል። ወረቀቱን ጽሑፉን ላላየ ጓደኛ ሰጥቶ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ መጠየቅ ነው፤ ርእሱን ዘልሎ ፎቶው ላይ ከቆየ ተማሪው መጨረሻ ላይ ምን እንደተማረ ሲጽፍ የሚያነሳው አንድ ነጥብ ተገኘ ማለት ነው።