ቀለም የማያየውን በቀለም ማጥመድ

በጃፓን የባሕር ዳር ከተሞች የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ግድግዳ ለ«ኤጊ» ብቻ ተለቅቆ ያገኛል። ኤጊ ስኩዊድ የሚጠመድበት ሰው ሠራሽ ሽሪምፕ ነው። ብርቱካንማው፣ ሮዙ፣ የወይራ አረንጓዴው፣ ቡኒው፣ ሐምራዊው በየረድፉ ተሰቅሏል፤ የአንዱ ሆድ ወርቃማ፣ የሌላው ብርማ፣ የሌላው ቀይ ነው። ገዢው ይህ ለማለዳ፣ ይህ ለምሽት፣ ይህ ለደፈረሰ ውኃ እያለ ያማርጣል። ይህ ሁሉ ኅብረ ቀለም የተደገሰለት እንስሳ ግን ቀለም አይለይም።

አብዛኞቹ የስኩዊድ ዝርያዎች ዓይናቸው ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ንጥረ ነገር ያላቸው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ቀለም ለመለየት ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ አእምሮ የሁለቱን መልእክት ሲያነጻጽር ነው ቀይና አረንጓዴ የሚለያዩት። ሰው ሦስት ዓይነት አለው። በቶያማ የባሕር ወሽመጥ በምሽት በማብራቱ የሚታወቀው ትንሹ የጃፓን ስኩዊድም እንደ ሰው ሦስት ስላለው ከዘመዶቹ ይለያል። ሌላው ስኩዊድ የቆዳውን ቀለም በቅጽበት ሲቀያይር ይውላል እንጂ የራሱን ጌጥ እንኳ በቀለሙ አያየውም። በምትኩ እኛ የማናየውን ያያል፤ የብርሃን ሞገድ በየት አቅጣጫ እንደሚርገበገብ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ይህ ችሎታ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ታዳኝን ለማግኘት እንደሚረዳው አሳይቷል።

ታዲያ አጥማጆቹ ገንዘባቸውን በከንቱ ነው የሚያፈሱት? አይመስለኝም። ቀለም የማይለይ ዓይን ድምቀትንና ጥላን አጥርቶ ይለያል። ማባበያው ከጀርባው ካለው ውኃ ጋር ሲተያይ ጎልቶ ይወጣል ወይስ ይዋጣል የሚለው ለስኩዊዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው ቀለሙ ብቻውን ሳይሆን ውኃውም ጭምር ነው።

የባሕር ውኃ ብርሃንን እኩል አያሳልፍም። ከፀሐይ ብርሃን ቀዩ ቀድሞ ይጠፋል፤ ውኃው ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ 10 ሜትር ሳይደርስ አብዛኛው አልቋል። ብርቱካንማው ይከተላል፣ ከዚያ ቢጫው። በሰፊው ውቅያኖስ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ወንዝ በሚገባበትና ጥቃቅን ዕፅዋት በበዙበት ጠረፍ ግን ሰማያዊውም ይዋጥና አረንጓዴው ርቆ ይሄዳል። ቀይ ማባበያ ቀይ የሚመስለው ቀይ ብርሃን መልሶ ስለሚልክ ነው፤ የሚመልሰው ሲያጣ ይጠቁራል። በጥልቁ ከሚኖሩት ዓሦች ብዙዎቹ ደም የመሰሉ መሆናቸው እኛን ያስገርመን እንጂ እዚያ ታች ቅላት መደበቂያ ነው። ቤቱ ሆኖ መሞከር የፈለገ ማባበያውን በሰማያዊ ሴሎፎን ውስጥ አሻግሮ ይመልከተው፤ ሱቅ ውስጥ ዓይን የሳበው ቀይ ወዲያው ይጨልማል።

አሁን ኤጊውን ቀረብ አድርገን እንየው። በብዛት የሚሸጠው 3.5 ቁጥር 10.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ አገጩ ሥር ጠፍጣፋ እርሳስ ተሰክቷል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትናንሽ ላባዎች አሉ። ጅራቱ ላይ እንደ አክሊል በሁለት ዙር የተደረደሩ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የታጠፈ መርፌዎች አሉ። ስኩዊድ ታዳኙን በክንዶቹ ስለሚያቅፍ መርፌዎቹ ላይ የሚሰካው በዚያው እቅፍ ነው። ቀለሙ ሁለት ንብርብር ነው፤ ከሥር የሚያብለጨልጭ ስስ ወረቀት ይለጠፋል፣ ከላይ ስስ ጨርቅ ይለብሳል። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ወረቀቱን መትቶ ይመለሳል። ልማዱ፣ ፀሐይ ወጥቶ ውኃው በጠራ ጊዜ ብርማውን፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ወርቃማውን፣ ለሌሊት ቀዩን መያዝ ነው። የሌሊቱ ምርጫ ከላይ ካልነው ጋር ይገጥማል። ቀዩ በጨለማ ድፍን ጥላ ይሆናል፤ ከታች አንጋጦ ለሚያይ ስኩዊድ ከሰማዩ ደብዛዛ ብርሃን ፊት ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

የኤጊ አገሩ ደቡብ ጃፓን፣ የካጎሺማና የአማሚ ደሴቶች አካባቢ፣ ዘመኑም ኤዶ የሚባለው የቀድሞው የጃፓን ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሲተረክ፣ ሌሊት ከጀልባ ላይ ችቦ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ስኩዊድም መጥቶ የተቃጠለውን እንጨት አቀፈው ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ የጥንቶቹ ኤጊዎች ከእንጨት ተቀርጸው በእሳት የተለበለቡ፣ ቡኒና ጥቁር ብቻ የሆኑ ነበሩ። ሮዝ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም፤ ስኩዊዱ ግን ይያዝ ነበር። በኤጊ ዘወትር የሚታደነው ባለ ሰፊ ክንፉ ዝርያ ከጃፓን እስከ ቀይ ባሕር ይኖራል፤ በስዊዝ ቦይ በኩልም ሜዲትራንያን ገብቷል። በቀይ ባሕር ዳር ኤላት ያለ አንባቢ እንግዲህ ጎረቤቱ ነው።

ወደ ዓሣ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙዎቹ የጠረፍ ዓሦች ቀለም ይለያሉ። በአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ እጅግ የሚፈለገው ስትራይፕድ ባስ ሁለት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ አረንጓዴ በበዛበት ውኃው ውስጥ ይህ በቂው ነው። እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ የሚያንጸባርቀው አረንጓዴ ቢጫ ማባበያ በዚያ ጠረፍ ከአጥማጆች ሳጥን የማይጠፋውም ለዚህ ይመስላል። እነዚሁ አጥማጆች ሲመሽ ጥቁር ያወጣሉ፤ «ለብሩህ ቀን ብሩህ፣ ለጨለማ ቀን ጨለማ» የሚለው የቆየ ደንባቸው ነው። ቱና አሳዳጆች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውጪ የሆነ የጽድ እንጨት ማባበያ አላቸው፤ ራሱ እርሳስ፣ አካሉ ቀለም ያልነካው እንጨት ነው። ዛሬም ባለ ብዙ ቀለሞቹ ጎን ይሸጣል፣ ቱናም ይይዛል።

የቀለም ፋብሪካዎች ውኃውን ለመርታት ሁለት ዘዴ አላቸው። ፍሎረሰንት ቀለም ወደ ታች የሚዘልቀውን ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ ብርቱካንማ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ተራው ብርቱካንማ በጠቆረበት ጥልቀት እሱ ይደምቃል። ሁለተኛው ባትሪ አብርተው ካጠገቡት በኋላ በጨለማ ለብቻው የሚያበራው ነው። በደንብ ከጠገበ ግን ክፉኛ ስለሚያበራ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ደብዘዝ ሲል መጣሉ ይሻላል፤ ባሕር ውስጥ የሚያበሩ ፍጥረታት እንደ አምፖል አይደምቁም።

ለመሆኑ የኤጊው ብርቱካንማና ሮዝ ጨርቅ ለማን ነው? በአብዛኛው ለአጥማጁ። በጠራ ውኃ ውስጥ ክሩን ሲስብ ኤጊው የት እንደደረሰ፣ ከኋላው ተከትሎ የመጣ ስኩዊድ መኖር አለመኖሩን ከዳር ሆኖ ያይበታል። ስኩዊዱ ቀርቦ ከሸሸ ወደ ወይራ አረንጓዴው ወይም ወደ ቡኒው ይዞራል። ነባሮቹ ግን ቀለም ከመቀየራቸው በፊት የመስመጡን ፍጥነት ይቀይራሉ፤ ስኩዊድ ኤጊውን የሚያቅፈው ብዙውን ጊዜ ተስቦ ሲለቀቅ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ነው። መደበኛው 3.5 ቁጥር 1 ሜትር ለመውረድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥልቀት ለሌለው ውኃ የተሠራው፣ በዚያው መጠንና በዚያው ቀለም፣ እጥፍ ያህል ይቆያል።