ጠፍጣፋው ሌንስ ብርሃንን እንዴት ይሰበስባል?

የማይክሮስኮፕም ሆነ የእጅ ስልክ ካሜራ ሌንስ ብርሃንን የሚሰበስበው መሐሉ ወፍሮ፣ ጠርዙ ሳስቶ በመቀረጹ ነው። የጠራ ምስል ሲፈለግ በርካታ ሌንሶች ይደረደራሉ፤ መሣሪያውም ይከብዳል፤ ዋጋውም ይንራል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ተግባር ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ንጣፍ ማከናወን ችለዋል።

ብርሃን ሞገድ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሞገዶች በልዩ ልዩ አቅጣጫ ይርገበገባሉ፤ እርግብግቢታቸው ሥርዓት ሲይዝ ብርሃኑ ፖላራይዝድ ይባላል። የሰው ዓይን ይህንን በቀላሉ አይለይም፤ ንብ ግን ትለያለች። ፀሐይ ብትጋረድም ጥቂት ጥርት ያለ ሰማይ እስከታያት ድረስ አቅጣጫዋን እንደማትስት ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ፎን ፍሪሽ አሳይተዋል።

እንደ ውኃ ሞገድ ሁሉ ብርሃንም ከፍታና ዝቅታ አለው። ሞገዱ በአንድ ቅጽበት ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንዳለ የሚያመለክተውን የሞገድ እርከን ልንለው እንችላለን። የብዙ ሞገዶች ከፍታ በአንድ ነጥብ ላይ ሲገጥም ብርሃኑ ይጎላል፤ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ሲያርፍ ግን ይጠፋፋሉ። የተለመደው ሌንስ እርከኑን የሚያስተካክለው ብርሃኑን በወፍራሙ ክፍል ይበልጥ በማዘግየት ነው።

ጠፍጣፋው ሌንስ በአንጻሩ በመስታወት ላይ የቆሙ ጥቃቅን ምሰሶዎችን ይጠቀማል። ምሰሶዎቹ በቁመት እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በዞሩበት ማዕዘን ነው። እየተሽከረከረ የሚጓዝ ፖላራይዝድ ብርሃን ሲያልፍባቸው እርከኑ በማዕዘኑ እጥፍ ይቀየራል። ምሰሶው 45 ዲግሪ ቢዞር እርከኑ 90 ዲግሪ ይለወጣል፤ 180 ዲግሪ ቢዞር ደግሞ ሙሉ ዑደት ይሆናል። የሐሳቡን መሠረት ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሺቫራማክሪሽናን ፓንቻራትናም እ.አ.አ በ1956 አስቀምጠዋል።

በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፌዴሪኮ ካፓሶ የሚመራው ቡድን እ.አ.አ በ2016 በዚሁ መንገድ ለዓይን በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ሌንስ ይፋ አድርጓል። ምሰሶዎቹ ለነጭ ቀለም መሥሪያ ከሚውለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተሠሩ ሲሆን ቁመታቸው 600 ናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው።

እንዲህ ያለው ሌንስ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በሚመረትበት ዘዴ በብዛት ሊመረት መቻሉ ዋጋው እንዲረክስ ተስፋ ይሰጣል። ዋናው እንቅፋት ቀለም ነው፤ ለአረንጓዴ ብርሃን የተዘጋጀ ሌንስ ቀዩን በዚያው ነጥብ ላይ አይሰበስብም። በመሆኑም ቴክኖሎጂው አስቀድሞ ወደ ገበያ የገባው በአንድ ቀለም ብርሃን ርቀትን በሚለኩ መሣሪያዎች ነው። በጤና ጣቢያም ሆነ በሰብል በሽታ መመርመሪያ ክፍል ያለውን ማይክሮስኮፕ ለመተካት ግን ሁሉንም ቀለሞች በእኩል ጥራት ማሳየት ይጠበቅበታል።