የዕጣን ዛፍና የሙጫ ቦዮቹ

በጸሎተ ዕጣን ጊዜ ካህኑ በጽናው ፍም ላይ ሲጨምረው መዓዛው ቤተ መቅደሱን የሚመላው ነጭ ዕጣን፣ በመተማ፣ በትግራይና በቤኒሻንጉል ደረቅ ቆላዎች ከሚበቅለው፣ ሊቃውንተ ዕፅዋት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ በአማርኛ ዋልያ መቀር ከሚባለው ዛፍ እንደሚገኝ ብዙ ሰው ቢያውቅም፣ ዛፉ ይህን በረከት በየትኛው የአካሉ ክፍል እንደሚያዘጋጀው የተረዱ ጥቂቶች ናቸው።

የዛፉ የላይኛው ቅርፊት እንደ ወረቀት እየሳሳ የሚላጥ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው እርጥብ የውስጥ ቅርፊት ተከርክሞ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ በግንዱ ቁመት የተዘረጉ እጅግ ጠባብ ቦዮች፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚያልፉ አግድም ቦዮች ተያይዘው አንድ መረብ መሥርተው ይታያሉ። የእያንዳንዱን ቦይ ግድግዳ የከበቡት ሕያዋን ሕዋሳት ሙጫውን አመንጭተው ወደ መካከለኛው ክፍት ቦታ ያፈሱታል፤ ቅርፊቱ በቆሰለ ጊዜም ፈሳሹ ወደ ቁስሉ ወጥቶ፣ በአየር ደርቆ፣ ተባይና ሻጋታ እንዳይገባ ያሽገዋል። ለእኛ መዓዛ የሆነው ለዛፉ መድኃኒተ ቁስል ነው።

ቦዮቹ የሚፈጠሩት በእንጨቱና በቅርፊቱ መካከል ሆኖ ግንዱን ከሚያወፍረው፣ ካምቢየም ከተባለው ስስ የሕዋሳት ሽፋን አጠገብ ነው፤ በዚያ ተጣብቀው የነበሩ ለጋ ሕዋሳት ሲላቀቁ በመካከላቸው የሚከፈተው ክፍተት እየሰፋ ቦይ ይሆናል። ግንዱ በወፈረ ቁጥር ግን አሮጌዎቹ ቦዮች ወደ ውጭ እየተገፉና እየተበጣጠሱ ከአገልግሎት ስለሚወጡ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ያልተቋረጠው መረብ በአማካይ ከውስጥ ቅርፊቱ የውስጠኛውን 6.6 ሚሊሜትር ብቻ ይይዛል።

ዕጣን ለቃሚው ክረምቱ ሲያበቃ ከግንዱ ላይ ትንሽ ቅርፊት ልጦ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የረጋውን እንባ መሳይ ፍሬ ይለቅማል፤ ቁስሉንም እያደሰና እያሰፋ እስከ በጋው ፍጻሜ ይቀጥላል። ቦዮቹ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንድ ቁስል ሙጫን ከሩቅ ይስባልና፣ ቁስል ማብዛት የግድ አይደለም፤ ያለ ዕረፍት የሚቆስል ዛፍ ግን ኃይሉን ለሙጫ ስለሚያውል የሚበቅል ዘር ይጎድለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናትም ከተመረመሩት ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለዓሥርተ ዓመታት ተተኪ ችግኝ እንዳልበቀለ አስታውቋል።

ስለዚህ ዕጣን የሚለቅም፣ የሚነግድና የሚያጥን ሁሉ፣ ዛፉ በየተወሰነ ዓመት እንዲያርፍ፣ ችግኙም ከእሳትና ከከብት እንዲጠበቅ ማድረግ ይገባዋል።