ከመቀስ በፊት ጥናት

ለታሪካዊ ፊልምና ቴአትር አልባሳት በሚሰፉበት ገበያ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከጨርቅ ዋጋ ሳይሆን ሳይጠና ከተሰፋ ልብስ ነው። የተሳሳተው አንዴ ተለብሶ መጋዘን ይቀራል፤ በትክክል የተሠራው ግን በኪራይ ደጋግሞ ገቢ ያስገኛል።

የ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻን በምሳሌነት እንውሰድ። የዘመኑ ፎቶግራፍ የልብሱን ቅርጽ ቢያሳይም ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀለሙን አይናገርም። ሥዕል ቀለሙን ይሰጣል፤ ሆኖም ሠዓሊው የለመደውን የአሣሣል ደንብ ስለሚከተል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፈትሉን ውፍረትና የስፌቱን አሠራር የሚያሳየው ከዘመኑ የተረፈው ልብስ ራሱ ነው። በመሆኑም ሦስቱን ማመሳከር ግድ ይላል።

በጫማ ረገድ ጥናቱ ወጪ ይቀንሳል። አብዛኛው ዘማች በባዶ እግሩ የተጓዘ በመሆኑ ለሠራዊቱ ሁሉ ጫማ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። የተረፈው በጀት ለመኳንንቱ ለምድ፣ ካባና ጎፈር ሊውል ይችላል።

ችግሩ ከማስረጃዎቹ ከፊሉ ባሕር ማዶ መሆኑ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ የሚነገርለት በሐር የተጠለፈ ቀሚስ የሚገኘው በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ልብሱ በየትኛው ማስረጃ እንደሚሠራ ይጠይቅ።