የኦቶሞቢልን ካምቢዮ ለይቶ ስለ ማወቅ

ኦቶሞቢል ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሊብሬውን ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የልደት ወረቀት ጋራ በአንድ ሣጥን ቆልፎ ያስቀምጣል። ሊብሬውም ብዙ ነገር ይናገራል፤ የባለቤቱን ስም፣ የታርጋውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ያመለክታል። ነገር ግን በሞተሩና በጎማዎቹ መካከል ሆኖ ኃይልን የሚያስተላልፈው ካምቢዮ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ሊብሬው አንዲት ቃል እንኳ አይናገርም። ባለቤቱም ማርሹ እስከ ገባለት ድረስ አይጠይቅም። ጥያቄው የሚነሣው ካምቢዮው መጮኽ ሲጀምር፣ ወይም ሦስተኛው ማርሽ በዳገት ላይ እየዘለለ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቤተሰቡ ተጨንቆ፣ መካኒኩ ቸኩሎ፣ ሻጩም ዕቃውን ለመሸጥ ተጣድፎ ስለሚገናኙ ነገሩን በረጋ ልብ የሚመረምር አይገኝም። ስለዚህ መኪናው ደኅና ሳለ ካምቢዮውን ለይቶ ማወቅ እንዴት እንደሚቻል ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

ነገሩ የጋራዥ ነገር ሆኖ ሳለ በቤተሰብ ዓምድ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ቤት መኪና ጌጥ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነው፤ የቆመ እንደ ሆነ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ይቆማል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌዎች ዋጋቸው በባለቤቶቻቸው ዘንድ ከፍ ብሏል። አሮጌውን ጠግኖ ማኖር ግድ በሆነበት ቤት፣ ያልሆነ ካምቢዮ ገዝቶ መመለስ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በፍርድ ቤት ስለ መለዋወጫ ዕቃ የሚነሣ ክርክር ሲነበብ በሥራችን ምክንያት ሰምተናል። ከሳሹ፦ «የላንድ ክሩዘር ካምቢዮ ብዬ ገንዘቤን ከፈልሁ፤ የሰጠኝ ግን ከመኪናዬ ጋራ አልገጠመም» ይላል። ተከሳሹም፦ «የላንድ ክሩዘር ካምቢዮ ጠየቀኝ፤ የላንድ ክሩዘር ካምቢዮ ሰጠሁት» ብሎ ይመልሳል። የሚያስገርመው፣ ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው። የዕቃውን ስም ጠርቶ የገዛም፣ ስሙን ጽፎ የሸጠም የለምና።

ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም ለአንድ ካምቢዮ ብቻ የሚበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ብቅ ያለውና በአገራችን መንገድ ሁሉ የሚታወቀው 70 የተባለው ተከታታይ እንደ ሞተሩና እንደ ዘመኑ ልዩ ልዩ ካምቢዮ ተገጥሞለታል። ከእነዚህም ሁለቱ ኤች 55 ኤፍ እና አር 151 ኤፍ ይባላሉ። ሁለቱም ባለ 5 ማርሽ ናቸው፤ ሆኖም የአንዱ ጥርስም ሆነ ኩሽኔታ ለሌላው አይሆንም። እንዲህ ያለውን መለያ እንደ ሰው ስም ማንበብ ይቻላል። ፊደሉ እንደ አባት ስም ሆኖ ቤተሰቡን ይናገራል፤ ቁጥሩ ደግሞ ከወንድማማቾቹ የትኛው እንደ ሆነ ይለያል። በቀድሞዎቹ የቶዮታ መለያዎች በ4 የሚጀምረው ቁጥር ባለ 4 ማርሽ፣ በ5 የሚጀምረውም ባለ 5 ማርሽ መሆኑን ያመለክታል።

ይህን ስም ለማግኘት ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ የፋብሪካውን ሰሌዳ መፈለግ ይገባል። ሰሌዳው በሞተሩና በመቀመጫው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የተመታ ትንሽ የብረት ጽሑፍ ነው፤ በአንዳንዶቹም በነጂው በር አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ይገኛል። በቶዮታ ሰሌዳ ላይ «ትራንስ/አክስል» የሚል መስመር አለ፤ ከሰያፉ ጭረት በፊት ያለው የካምቢዮው፣ ከጭረቱ በኋላ ያለው የዲፈረንሻሉ መለያ ነው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት የልጅ ሥራ ነው፤ ለመልካም ልማድም ፎቶግራፉን ከሊብሬው ቅጂ ጋራ ማኖር ይበጃል።

ይሁን እንጂ ሰሌዳው የሚመሰክረው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ስለ ነበረው ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት የሠራ መኪና ካምቢዮውን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለውጦ ሊሆን ይችላል፤ የለወጠውም መካኒክ ሰሌዳውን አይነካውም። የማርሽ ዘንጉ ራስ ላይ የተቀረጸው የማርሽ ሥዕልማ ከሰሌዳውም ያነሰ ምስክር ነው፤ ከየትኛውም መኪና ተነቅሎ በየትኛውም ላይ ይጠመዘዛልና። በእኛ አስተያየት ወረቀትና አካል በተለያዩ ጊዜ አካሉን ማመን ይሻላል።

አካሉን ለመመርመር ከመኪናው ሥር መግባት ካስፈለገ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ሳለ ማንም አይግባ፤ ጎማዎቹ ታግደው ጽኑ ድጋፍ ይደረግለት። ከዚያም ቅባትና ጭቃ የተጋገረበትን ሣጥን ነዳጅ በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ የተቀረጸ ፊደል ወይም ቁጥር ቢኖር ማንበብ ነው። ጽሑፉ ቢጠፋም ትንሽ ማግኔት ይረዳል። የኤች 55 ኤፍ ዋና ሣጥን ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ማግኔት ይይዛል፤ የአር 151 ኤፍ ሣጥን ግን አሉሚኒየም በመሆኑ ማግኔቱ ይወድቃል።

በመልክም በማግኔትም የማይለዩ ደግሞ አሉ። ባለ 4 ማርሾቹ ኤች 41 እና ኤች 42 የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ከውጭ ያየ ሰው ይህ ያኛው ነው ብሎ ሊምል ይችላል። በውስጣቸው ግን ልዩነት አለ። በኤች 41 አንደኛ ማርሽ ሞተሩ 4.925 ጊዜ ሲዞር የካምቢዮው መውጫ ዘንግ 1 ጊዜ ይዞራል፤ በኤች 42 ደግሞ ሞተሩ 3.555 ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ይህ ቁጥር ምን እንደ ሆነ ከዓባይ በረሃ ጭኖ የሚወጣ ነጂ ያውቀዋል። በኤች 41 ከዳገት መካከል ቆሞ የተነሣ መኪና ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ኤች 42 የተገጠመለት ግን ያንኑ ጭነት ይዞ ለመነሣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ቤተሰቡም ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ እየመሰለው በየጊዜው ዲስክ ሲገዛ ይኖራል።

እነዚህን ለመለየት ጠመኔና ትዕግሥት ይበቃል። በሶማሌ ተራ ካምቢዮው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ አንደኛ ማርሽ እንዲገባ ማድረግ፤ ትራንስፈሩ አብሮ የተያያዘ እንደ ሆነም በፈጣኑ በኩል ማዋል። ከዚያ በመግቢያው ዘንግና በመውጫው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ አንዱ ሰው መግቢያውን በእጁ እያዞረ ሲቆጥር ሌላው መውጫውን ይጠብቃል። መውጫው አንድ ዙር ሲሞላ የመግቢያው ቁጥር ከሦስት ተኩል እምብዛም ያላለፈ እንደ ሆነ ኤች 42 ነው፤ አምስት ሊሞላ እጅግ ጥቂት የቀረው እንደ ሆነ ኤች 41 ነው። በባለ 5 ማርሾቹም እንዲሁ ነው፤ የኤች 55 ኤፍ አንደኛ ማርሽ 4.843፣ የአር 151 ኤፍ 4.313 ነው። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ዓይንን እንዳያታልሉ መውጫውን 10 ጊዜ አዙሮ መቁጠር ይሻላል፤ በመጀመሪያው 48 አልፎ፣ በሁለተኛው 43 አልፎ ይገኛል። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ፤ ቆጠራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ ቮልስዋገንም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባንም፤ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ መኪና ነውና። እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ የዚህ መኪና ካምቢዮ ሣጥን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በቡሎን የተጋጠመ ሁለት ክፋይ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ግን ለውጭ አገር በሚላከው ዓይነት ላይ ባለ አንድ አካል ሣጥን መጣ፤ ያን ጊዜም አንደኛው ማርሽ እንደ ሌሎቹ ሲንክሮናይዘር ተደረገለት። ስለዚህ ነጂው መኪናውን ሳያቆም ቀስ እያለ ሲሄድ አንደኛውን ያለ ጩኸት ማስገባት ከቻለ፣ አዲሱ እንደ ሆነ ለመገመት ይችላል። የቮልስዋገን ሚኒባስ ካምቢዮ ግን ሌላ ነው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ ሚኒባሱ በጎማዎቹ አጠገብ ተጨማሪ ጥርሶች ስለ ነበሩትና እነርሱም የዙሩን አቅጣጫ ስለሚገለብጡ፣ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ በተቃራኒው ወገን ተገጥሞ ነበር። ይህን ካምቢዮ ሳይለይ ወስዶ በትንሹ መኪና ላይ የገጠመ ሰው ወደ ኋላ የሚሄድ 4 ማርሽና ወደ ፊት የሚሄድ 1 ማርሽ ያለው መኪና ያገኛል። መካኒኮች ይህን እየሳቁ ያወሩታል፤ ገንዘቡን የከፈለው ግን የሚስቅ አይመስለንም።

ካምቢዮውን ማወቅ ለዘይቱም ይጠቅማል። ጂ ኤል 4 የተባለው ዘይት በታዘዘለት ካምቢዮ ውስጥ ጂ ኤል 5 ማፍሰስ፣ ለመልካም ታስቦም ቢሆን፣ ከናስ የተሠሩትን የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

ግዢው በደረሰ ጊዜ የቀረው የደረሰኙ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የገዛውን ዕቃ ጊዜ እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ካምቢዮውን ገዝቶ እስኪገጠም ድረስ በግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኖ ወራት ማሳለፍ መብትን አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። «1 ካምቢዮ» የሚል ደረሰኝም ለዳኛ ምንም አያስረዳም። «ካምቢዮ ኤች 55 ኤፍ፣ ባለ 5 ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ 4.843፣ ለላንድ ክሩዘር 70» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀኑና የሻጩ ፊርማም ይኑርበት። ሻጩ ይህን ለመጻፍ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ሶማሌ ተራ ሰፊ ነው፤ ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ሌላ ሱቅ ይገኛል።